ስለቱ በየት በኩል ነው?

በኪንቻዎ ደሴት ዝናብ አይጠየቅም፣
መጣ ወይ አይሉትም፣ ሄደ ወይ አይሉም።
ኖልፋ ሱቅ ገባች ሜትሯን በኪሷ ይዛ፣
ገመድ የሌለበት ክብ መጋዝ ልትገዛ።

ዶን ሩዴሲንዶ መነጽሩን ጠርጎ
አምስቱን ደረደረ፣ ባንኮኒው ላይ አድርጎ፦
«ይቺ ትልቋ ናት፣ ወፍራም ግንድ ትበላለች፣
ይቺ እንደ ድመት ናት፣ ትታቀፋለች፤
የዚችኛዋ ሞተር ካርቦን አይበላም፣
ቶሎ አይግልም፣ ቀኑን ሙሉ አይዝልም።
ያቺን ተያት፣ ርካሽ ናት፤ ርካሽ ነገር ደግሞ
አንዴ ገዝተሽው ሁለቴ ትከፍያለሽ፣ እያየሽው ቆሞ።»

በግራ እጇ አነሳች፤ ግራኝ ናት ኖልፋ።
ስለቱን ፈለገችው፣ ከዓይኗ ጠፋ፤
በሞተሩ ማዶ በሆዱ ተከልሎ፣
እንደ ዓይን አፋር ልጅ ከእናት ቀሚስ ኋላ ውሎ።
ሁለተኛውን አየች፤ እሱም ያው በማዶ።
ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፤ ሁሉም ለቀኝ እጅ ተወልዶ።
ሌላውን ሰው ግራ ይገባዋል፤
እሷን ቀኝ ገባት።

«ምን ችግር አለው?» አለ፣ «ጎንበስ ብለሽ እይው፤
እጅ መቼም ይለምዳል፤ ልምድ ነው የሚገራው።»

ጎንበስ ማለት!
ይህ ቃል አይደለም ወይ አባቷን ያሳጣው አውራ ጣት?
ኤውሎሂዮም ግራኝ ነበር፤ መምህሩ በማስመሪያ
ቀጥቅጦ ቀኙን አስለመደው፣ ለፊደል መጻፊያ።
ፊደሉ ተቃና፤
ልቡ ግን ቀረ በግራ ጎዳና።
አንድ ቀን በባለገመዱ መጋዝ የጀልባ ሳንቃ ሲከፍል፣
እጁ ሳያስፈቅደው ወደ ግራው ዞሮ፣
መስመሩ አልታይ ብሎት በሞተሩ ላይ ሲያዘነብል...
ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የሳንቃውን ጫፍ ይዛለት።
ከጩኸቱ ይልቅ የምታስታውሰው
ጸጥታውን ነው፣ ሶኬቱን ስትነቅልለት።
ያ ገመድ ዛሬም አለ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣
ሰባት ቦታ በፕላስተር ታስሮ፣ ቁስለኛ እባብ መስሎ።

ይህን ለባለሱቁ አልነገረችውም።
እሱ የሚያውቀው ሥራዋን ብቻ ነው፦
በባሕር ላይ በእንጨት እግር የቆሙ ቤቶችን ታድሳለች፤
ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ትወርዳለች።
ስድስት ሰዓት አላት፤ ከዚያ ባሕሩ ተመላሽ ነው፣
ሶኬት የለም፣ ጄኔሬተር ይሰምጣል፣ ሽቦና ጨው ጠበኛ ነው።
ስለዚህ ባትሪ ያሻታል፤ ያውም ከመሰርሰሪያዋ ጋር የሚዋዋስ፣
አለዚያ ቤቷ በቻርጀር ይሞላል፣
አንዱ ካንዱ እንደማይስማማ አማት።

ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከቀለም ቆርቆሮ ኋላ
አቧራ የለበሰ ካርቶን አየች፣ አንገቷን አዝልቃ።
«እሱ ተመልሶ የመጣ ነው» አለ ሰውየው፣
«አንድ ዓሣ አጥማጅ ገዝቶት
ስለቱ በተሳሳተ በኩል ነው ብሎ የጣለው።»

አነሳችው።
ጥርሱ ሁሉ ፊት ለፊት አያት።
ትንሽ ይከብዳል፤ ወፍራሙን ምሰሶ ባንድ ምት አይጨርስም፣
ከሁለት ወገን ይቆረጣል፤ ይቆረጥ፣ ምንም አይደለም።
«የተሳሳተ ከሆነማ» አለች፣ «ዋጋውም ይሳሳት።»
ሰውየው ሳቀ፤ ሃያ ሺህ ፔሶ ተሳሳተላት።

ሰኞ ውኃው ሲሸሽ፣ ከቤቱ ሆድ በታች፣
ጀርባዋን ሳታጎብጥ ሳንቃ ቆረጠች።
ኤውሎሂዮ ጫፉን ይዟል፣ በአራት ጣት፣
ካፊያው ባርኔጣው ላይ ያንኳኳል።
መጋዙ ዝም ሲል ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ፤
«ስለቱ በየት በኩል ነው?»

አልመለሰችለትም።
ባትሪውን ነቅላ ኪሷ ከተተችና
መጋዙን ሰጠችው።
በቀኙ ተቀበለ፤ ትንሽ ቆየ፤
ከዚያ፣ ማንም እንዳያየው ይመስል፣
ወደ ግራው አዛወረው።

ውኃው ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል።